አያ ጅቦ ለምን ያመካኛል? ስለ ጉል ዱካት፣ ስለ ግራዚያኒና ስለ እኛ

ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጅብ ከወንዙ ላይኛው በኩል፣ አህያ ከታችኛው በኩል ሆነው ውኃ ይጠጣሉ። ጅቡ ቀና ብሎ «ውኃውን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» ይላታል። ውኃ ወደ ላይ እንደማይፈስ ጅቡም አህያዋም ያውቃሉ። ነገሩ የገባት አህያ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው ይባላል።

ይህን ተረት ስንጠቅስ የምናደንቀው ሁልጊዜ አህያዋን ነው። ሰበቡን ነቅታበታለችና። እኔን ግን የሚከነክነኝ ጅቡ ነው። ጥርስ አለው፣ ጉልበት አለው፣ ርቦታል፣ የሚያስጥላትም የለም። ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይበላትም? ማመካኘቱ ምን ይጨምርለታል?

ጅቡ የሚፈልገው ሥጋውን ብቻ አይመስለኝም። ልክ መሆንም ይፈልጋል። ቢቻል አህያዋ ራሷ «እውነትህን ነው፣ አደፍርሼብሃለሁ» ብላ እንድትበላለት ይፈልጋል።

ይህን ጅብ በደንብ አጥርቶ ያሳየኝ አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ነው። «ስታር ትሬክ፡ ዲፕ ስፔስ ናይን» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1999 በሰባት ሲዝን የታየ ነው፤ አሮጌ ነው። ላፍቶ አካባቢ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ልጅ ስጠይቀው «ይኼ የጥንት ነው፣ ማን ያየዋል?» ብሎኛል። እኔ አይቼዋለሁ፤ ለምን እንዳየሁትም ልንገራችሁ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ባጆር የምትባል ፕላኔት አለች። ሃይማኖተኛ፣ ጥንታዊ፣ በታሪኩ የሚኮራ ሕዝብ ይኖርባታል። ካርዳሲያ የምትባል ወታደራዊ ኃይል ለ50 ዓመት ያህል ትገዛታለች። ማዕድኗን ትዘርፋለች፣ ሕዝቧን በጉልበት ሥራ ካምፕ ታጉራለች። ባጆራውያን በአርበኝነት ይታገላሉ፤ ካርዳሲያ በመጨረሻ ለቃ ትወጣለች። ፊልሙ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ገዢዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ቁስሉ ገና ሳይደርቅ።

ዱካት ከካርዳሲያ የመጨረሻው የባጆር አስተዳዳሪ ነው። «ጉል» የጦር ማዕረጉ ነው። ማርክ አላይሞ የሚባል ተዋናይ ይጫወተዋል። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ቃላቱን እየመረጠ፣ ፈገግ እያለ ይናገራል። ልጁን ይወዳል። አንዳንዴም ከመልካሞቹ ጎን ተሰልፎ ይዋጋል። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ መልካሙን ሰው «አክተሩ» እንለው ነበር፤ «አክተሩ አይሞትም» ተብሎም ይታመን ነበር። ዱካት ራሱን የሚያየው እንደዚያ ነው። በራሱ ፊልም ውስጥ አክተሩ እሱ ነው።

ተመልካቹም አምኖታል። ብዙ ሰው «ዱካት ያልተረዱት ሰው ነው» ማለት ጀመረ። የተከታታዩ ዋና አዘጋጅና ጸሐፊ አይራ ስቲቨን ቤር ይህ እንዳሳሰበው በቃለ ምልልሶች ተናግሯል። እኛም ይህ አይጠፋንም። በ«ሰው ለሰው» ድራማ አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት አገሩ ሁሉ እየጠላው ወዶት ነበር። ጎበዝ ተዋናይ ክፉን ሰው ሲጫወት ሰው አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ሰው ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ እናዝንለታለን። በዚህ ክፋት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ማዘናችንን ፍርድ ስናደርገው ነው።

ለዚህ ነው ቤርና ጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1998 «ዋልትዝ» የተባለውን ክፍል ያቀረቡት። ዱካትና ጠላቱ ካፒቴን ሲስኮ አንድ ባዶ ፕላኔት ላይ ይወድቃሉ። ሲስኮ ቆስሏል። ዱካት ይንከባከበዋል፣ ምግብ ይሠራለታል፣ በምላሹም አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀዋል። «ስለ እኔ የምታስበውን ንገረኝ።» እንግዲህ ይህ ሰው በሕይወትና በሞት መካከል ባለ ቁስለኛ ፊት የሚለምነው የምስክር ወረቀት ነው።

ከዚያ መከላከያውን ያቀርባል። አስተዳዳሪ ሆኖ እንደተሾመ የሕፃናትን የጉልበት ሥራ አስቀርቷል። ሬሽን ጨምሯል። ሕክምና አሻሽሏል። በአንድ ወር ውስጥ በካምፖቹ የሚሞተው ሰው በ20 በመቶ ቀንሷል። ባጆራውያን ግን ምን አደረጉ? በወሩ የመርከብ መጠገኛ አፈነዱበት፤ ከ200 በላይ ካርዳሲያውያን ሞቱ። እሱም 200 ተጠርጣሪዎችን ሰብስቦ ረሸነ። «ምን ላድርግ? እነሱ ናቸው ያስገደዱኝ» ነው ነገሩ።

እስቲ ይህን ሒሳብ ቀስ ብለን እንየው። «የሟቹ ቁጥር በ20 በመቶ ቀነሰ» ማለት 80 በመቶው መሞቱን ቀጠለ ማለት ነው። ምግብ ጨመርኩ የሚለው እስረኛ አድርጎ ለያዘው ሰው ነው። ሕፃናቱን ከሥራ ያሳረፈው ወላጆቻቸው በዚያው ካምፕ እንደታጎሩ ነው። ይህን ሁሉ እንደ ስጦታ ቆጥሮ ምስጋና ይጠብቃል። ምስጋናው ሲቀር ይከፋዋል። በሌላ ትዕይንት ደግሞ ባጆር ላይ አንድም ሐውልት እንዳልቆመለት እያነሳ ሲያማርር እንሰማዋለን።

ሐውልት! እዚህ ላይ ነው ፊልሙን አቁሜ የቀረሁት።

ምክንያቱም እኛ ይህን ሰው እናውቀዋለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሮዶልፎ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ ምን ሲያደርግ ነበር? ምጽዋት ሲሰጥ ነበር። የጣልያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለተወለደለት የከተማውን ድኾች ሰብስቦ ገንዘብ ያስታድል ነበር። በዚያች ሰዓት ለራሱ ቸር ሰው ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት በዚያ «ቸርነት» መሐል ነው።

የዚህን ሰው ትክክለኛ ፍላጎት ማወቅ የፈለገ ሰው ምጽዋቱን አይመርምር፤ ከቦምቡ በኋላ የሆነውን ይመርምር። የወረወሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። የተገደለው ግን ያገኙት ሁሉ ነው። ለሦስት ቀን በጥይት፣ በጩቤ፣ በዱላ፣ ቤት ከነሰዉ በማቃጠል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30,000 ነው፤ ጭፍጨፋውን ለዓመታት ያጠኑት ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ይገምታሉ። በግንቦት ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነ።

ዱካትም ግራዚያኒም የሚገለጡት በዚህች ቅጽበት ነው። ሲሰጡ አይደለም፤ የሰጡት ሰው «እምቢ» ሲላቸው ነው። የክፉ ሰው ዓላማ የሚታወቀው በእምቢታ ፊት ነው። ከእምቢታው በፊት ያለው ሁሉ ማመካኛ ሊሆን ይችላል። ጅቡም እኮ «ውኃዬን» እስኪል ድረስ ጨዋ ጎረቤት ነበር።

አሁን ወደሚያሳምመው ነገር ልምጣ። ሰፈራችን ጀበና ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስንጫወት በየጊዜው የሚነሳ አባባል አለ። «ጣልያን ትንሽ ቢቆይ ኖሮ የት በደረስን ነበር!» ይባላል። ከዚያ መንገዱ ይቆጠራል፣ የጣርማ በር ዋሻ ይነሳል፣ ፒያሳ ይነሳል፣ ካዛንቺስ ይነሳል። የሚናገረው ሰው መጥፎ ሰው አይደለም። የጉድጓድ መንገድና የውኃ ፈረቃ ያማረረው ሰው ነው። ግን ሳያውቀው የዱካትን ንግግር በአማርኛ እየደገመ ነው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት ስም ነው። ለማን እንደተሠራ ስሙ ራሱ ይናገራል። የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነስቶ ወደ መርካቶ የሄደው ነጩና ጥቁሩ ከተማ እንዲለይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው ሕግ አንድ ጣልያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስራት ይፈርድበታል። መንገዱ የተጠረገው ጦር እንዲያልፍበትና ሰፋሪ እንዲገባበት ነው። ዛሬ እኛ ስለምንሄድበት ያኔ ለእኛ ታስቦ ነበር ማለት አይደለም።

ሐውልቱስ? ዱካት ያጣውን ግራዚያኒ አግኝቷል። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከሮም ብዙም በማትርቅ አፊሌ በምትባል ከተማ 127,000 ዩሮ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶበት መታሰቢያ ቆመለት። ሰውየው ከጦርነቱ በኋላ የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በማበሩ ነው። 19 ዓመት ተፈርዶበት ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ። ስለ አዲስ አበባ አንድ ቀን እንኳ ችሎት ፊት አልቆመም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋው ግን ረስቶ ዝም አላለም፤ ረስቶ ሐውልት ሠራ።

ጣልያን ላይ ብቻ ብናቆም ግን ለራሳችን ማዳላት ይሆናል። ክፉውን ሰው የሩቅ አገር ሰው ማድረግ ቀላል ነው። «መንግሥቱ እኮ አገሩን ይወድ ነበር» የሚለውንስ ስንት ጊዜ ሰምተናል? ይወድ ይሆናል። ሰው ልብ ውስጥ ገብቼ አላየሁም። ግን የአገር ፍቅሩ በእምቢታ ፊት ምን አደረገ? ከቀይ ሽብር የተረፉ ሰዎች የሚናገሩት አለ። ወላጆች የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የተገደለበትን ጥይት ዋጋ ይጠየቁ ነበር። ማልቀስም ይከለከል ነበር። እዚህም ጅቡ ሥጋውን በልቶ አልረካም፤ ወላጅ በራሱ ኪስ ከፍሎ ግድያውን እንዲፈርምለት ይፈልጋል። ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱን በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲለው የመዘነው የሠራውን ነው። «አገር ይወድ ነበር» የሠራውን አይቀንስለትም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «እንዲህ ከሆነ ታዲያ ለምን የክፉን ሰው ምክንያት እንጠይቃለን? ክፉ ነው፣ በቃ አይባልም?»

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ስለ አንድ ጥቃት ስጽፍ «አድራጊው ለምን አደረገው?» የሚል አንቀጽ ካስገባሁ «ልትከላከልለት ነው?» የሚል መልእክት ይደርሰኛል። ካላስገባሁ ደግሞ «አንድ ወገን ብቻ ነው የጻፍከው» እባላለሁ። በሁለቱም ወገን ያለው እምነት ግን አንድ ነው። ምክንያትን ማወቅ ይቅር ማለት ነው ብለው ያምናሉ። አይደለም። ሐኪም የበሽታውን መነሻ የሚጠይቀው በሽታውን ስለወደደው አይደለም።

በነገራችን ላይ እኔ ፊልሙን የምወቅሰውም እዚህ ላይ ነው። ከ«ዋልትዝ» በኋላ ዱካትን ከክፉ መናፍስት ጋር አስተባበሩት፤ በመጨረሻም ዓይኑ የሚቀላ የሰይጣን አገልጋይ አደረጉት። ተመልካቹ እንዳይወደው ብለው ነው። ግን ይህ ለተመልካቹ ማምለጫ ሰጠው። ሰይጣን ከሆነማ እኛን አይመለከተንም። የሚያስፈራው የመጀመሪያው ዱካት ነበር። ሪፖርት የሚጽፈው፣ ሬሽን የሚቆጥረው፣ ሴት ልጁን የሚስመው፣ በማግስቱ 200 ሰው የሚረሽነው። እንደዚያ ያለ ሰው መንፈስ አያስፈልገውም። ቢሮና ማኅተም ይበቃዋል።

ይኸው ፊልም ግን ሁለት ሌሎች ሰዎችን አሳይቶናል፤ እኔ ከዱካት ይልቅ የምመክረው እነሱን ነው።

የመጀመሪያው ማሪትዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በታየው «ዱዌት» በሚባለው ክፍል አንድ ካርዳሲያዊ ይያዛል። ጋሊቴፕ የሚባለውን አስከፊ ካምፕ የመራው ነፍሰ ገዳይ እኔ ነኝ ብሎ ይፎክራል። መርማሪዋ ኪራ ነሪስ የቀድሞ የባጆር አርበኛ ናት፤ ልትሰቅለው ቋምጣለች። በኋላ ግን እውነቱ ይወጣል። ሰውየው የካምፑ ጸሐፊ ነበር። የሟቾችን ጩኸት ላለመስማት አልጋው ስር ተደብቆ ጆሮውን ይይዝ የነበረ ፈሪ ነው። መልኩን አስቀይሮ የመጣው በአለቃው ስም ተሰቅሎ አገሩ ጥፋቷን እንድታምን ለማስገደድ ነው። ኪራ ትለቀዋለች። ከእስር ወጥቶ ሲሄድ አንድ ባጆራዊ በጩቤ ይገድለዋል። እሱ አይደለም ብላ ስትጮህ፣ ካርዳሲያዊ መሆኑ ይበቃል ይላታል። እሷ ግን አይበቃም ትላለች።

ያቺ ሴት ይህን ለማለት ስንት መንገድ እንደተጓዘች አስቡት። ዕድሜዋን ሙሉ ካርዳሲያውያንን ስትዋጋ ኖራለች። ወዳጆቼ፣ ባለፉት ዓመታት በአገራችን ስንት ሰው «መሆኑ ይበቃል» ተብሎ እንደሞተ እኔ አልቆጥርላችሁም። እናንተም ታውቃላችሁ። ዱካት 200 ሲሞትበት 200 የረሸነበት ሒሳብና የዚያ ባጆራዊ ጩቤ አንድ ሒሳብ ናቸው። ሁለቱም ሰውን ስም እንደሌለው ፍሬ ይቆጥሩታል። ተበዳይ መሆን ከዚህ ሒሳብ አያድንም።

ሁለተኛው ዳማር ነው። የዱካት ታማኝ ረዳት ነበር፤ የዱካትን ሴት ልጅ ዚያልን ከሃዲ ናት ብሎ የገደለው እሱ ነው። በኋላ ተራው ደርሶ ካርዳሲያ ራሷ «ዶሚኒየን» በሚባል ኃይል መዳፍ ስር ትወድቃለች። ዳማር ይሸፍታል። በ1999 በታየ አንድ ክፍል ዶሚኒየን ሚስቱንና ልጁን እንደገደለበት ይሰማል። ንጹሐን ሴቶችንና ሕፃናትን ግደሉ ብሎ የሚያዝ ምን ዓይነት ሰው ነው? ብሎ ይጠይቃል። አጠገቡ የቆመችው ኪራ ናት። ጥያቄውን ራሱን መልሳ ትጠይቀዋለች። እውነት፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?

ዝም ይላል። መልሱን ያውቀዋል፤ መልሱ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ይሆናል፤ እስኪሞትም ለአዲሲቱ ካርዳሲያ ይዋጋል።

ዱካትና ዳማር ከአንድ አገር፣ ከአንድ ጦር፣ ከአንድ ጥፋት የወጡ ናቸው። የሚለያቸው ዳማር በተጎጂው ጥያቄ ውስጥ ራሱን መስማቱ ነው። ዱካት እስከ መጨረሻው አልሰማም፤ ሐውልቱን ይፈልጋል። ያለምክንያት ክፉ ነው ብለን ከተውነው ዳማርን ከዱካት መለየት አንችልም። የነገረንን ምክንያት ካመንነው ደግሞ ሐውልት እንሠራለታለን። ሁለቱም ያው ስንፍና ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ ክፉ ሰው ስታስቡ፣ በስክሪንም ይሁን በታሪክ ወይም በዜና፣ ሦስት ነገር ጠይቁ እላለሁ። እምቢ ሲባል ምን አደረገ? ሲበቀል ማንን ቆጠረ፣ ያጠፋውን ወይስ የአጥፊውን ወገን ሁሉ? የተጎዳው ሰው ጥያቄ ሲቀርብለት ዝም አለ ወይስ ስለ መንገዱና ስለ ሬሽኑ ማውራት ጀመረ?

ሦስተኛውን ጥያቄ ለራሳችንም እናስቀረው። ሁላችንም የምንወደው ወገን አለን፤ ያ ወገን ያጠፋው ነገር ሲነሳ አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው ምንድን ነው? «አዎ፣ ግን እነሱም...» ከሆነ ከወንዙ በየትኛው በኩል ቆመን ውኃ እየጠጣን እንደሆነ ቀና ብሎ ማየት ይጠቅማል።

የማትስማሙ ከታች ጻፉ፤ አነባለሁ። ቸር እንሰንብት።